ለቃሒውም ተለቃሒውም አንድ የሆነበት መንገድ

መስከረም በባተ ቁጥር፣ ከአዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር ርቃ በጅማ መንገድ ላይ የተቀመጠችው ወልቂጤ ለመስቀል ወደ አገሩ የሚገባውን ነጋዴና ሠራተኛ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተቀብላ ወደ እምድብር፣ ወደ ጉንችሬና ወደ አገና ስታሰናብት የተመለከተ ሰው፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚጓዝበት ጎዳና በማን ገንዘብ ተጠረገ ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ጥያቄው የአንድ አውራጃ ብቻ አይደለም፤ አንድ አገር ወደብ፣ ሐዲድ ወይም የአውሮፕላን ማረፊያ ለመሥራት ሲያስብ፣ በግእዙ አጠራር ለቃሒው (አበዳሪው) ማን፣ ተለቃሒውስ (ተበዳሪው) ማን ይሆናል ማለት ነው።

ከባሕር በር ጋራ ያገናኘን የመጀመሪያው ታላቅ ሥራ የተጀመረው በባዕድ ለቃሒ ገንዘብ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቅ ሐዲድ እንዲዘረጋ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ በሰጡ ጊዜ፣ ኢልግና ፈረንሳዊው ሼፍኑ ያቋቋሙት ኩባንያ ገንዘቡን የፈለገው በአውሮፓ ገበያ አክሲዮንና የብድር ሰነድ በመሸጥ ነበር። ገንዘቡ እያነሰ ሄዶ የእንግሊዝ ባለገንዘቦች በገቡበት ጊዜ የፈረንሳይ መንግሥት ደነገጠ፤ በ1894 ዓ.ም. በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊሰጥ ከኩባንያው ጋራ ውል ገብቶ፣ በዚያው ገንዘብ በሐዲዱ ላይ ሥልጣን ገዛ። ንጉሠ ነገሥቱ፣ ሳይጠየቁ በአገራቸው ምድር ላይ የተደረገውን ይህን ውል አልተቀበሉም። ሐዲዱም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ቆመ፣ ኩባንያው በ1899 ዓ.ም. ከሰረ፣ አዲስ አበባም የባቡሩን ድምፅ የሰማችው በ1909 ዓ.ም. ነው። የዕዳውን ወረቀት የያዘ እጅ መንገዱንም ሊይዝ እንደሚችል ምኒልክ ቀድመው አስተውለዋል እላለሁ።

ከጠላት ወረራ በኋላ ለቃሒው ተለወጠ። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ለጎዳና ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ነገር ግን ያ ገንዘብ በቅድሚያ የዋለው ለዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ስለ ነበር፣ ከአውራው መንገድ ወጣ ብሎ በእንሰት ተክል ውስጥ የሚኖረው ገበሬ በሽተኛውን በቃሬዛ መሸከሙን አልተወም፤ የክረምት ወንዝም እንደ ቀድሞው መንገደኛውን ያግደው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንገባለን። መንግሥት በ1953 ዓ.ም. የቦንድ ሽያጭ ሕግ አውጥቶ ለባለገንዘብ ሰነድ መሸጥን በሚለማመድበት በዚያው ዘመን፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ በአዲስ አበባ በመርካቶ የሚነግደው፣ ጫማ የሚያሳምረውና በቀን ሥራ የሚተዳደረው የጉራጌ ተወላጅ፣ ሰነድ ሳይቀበልና ወለድ ሳይጠይቅ፣ ለአገሩ መንገድ ገንዘብ ማዋጣት ጀመረ። ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ከግንባር ቀደም አስተባባሪዎቹ አንዱ የነበሩበት የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት በዚህ ሁኔታ ተቋቋመ። በምሥራቁም በኩል ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና አልፎ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት ሌላ ማኅበር ቆመ፤ ለዚህኛው መዋጮ ያደረገው የአንድ ነገድ ሰው ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ዳርቻ የሚኖረው ልዩ ልዩ ሕዝብ ነው፣ ይህም ሊታወስለት ይገባል። መንግሥትም የሕዝቡን ትጋት ባየ ጊዜ በበኩሉ ረዳ።

ይህ እንዴት ተቻለ ቢባል፣ ድርጅቱ ከመቋቋሙ አስቀድሞ የድርጅቱ ልማድ በሕዝቡ ዘንድ ስለ ነበረ ነው። እቁብ የሚጥል ሰው ዛሬ የሰጠው ገንዘብ ነገ ተራው ሲደርስ እንደሚመለስለት ያለ ወረቀት ያምናል፤ የጆካ በተባለው የጉራጌ ሽማግሌዎች ሸንጎ ያደገም ሰው በጉባኤ የጸናውን ቃል ማፍረስ ምን እንደሚያስከትል ያውቃል። ቦንድ የምንለው ነገር ሥሩ ሲመረመር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ፣ የቦንድ ገዢ ዋናውንና ወለዱን በተወሰነ ቀን በገንዘብ ሲቀበል፣ የጉራጌው ለቃሒ ግን ዋናውንም ወለዱንም የተቀበለው በመንገዱ መሆኑ ነው፦ የመስቀል ሰሞን በእግር ያደርገው የነበረው ረጅም ጉዞ በመኪና የሰዓታት ሲሆን፣ በርበሬውና ጫቱ ሳይበላሽ ገበያ ሲደርስ፣ በምጥ የተያዘች እናት ሐኪም ዘንድ ስትደርስ። ለቃሒውም ተለቃሒውም አንድ ሰው ነበር።

ይኸው መንፈስ በመላው አገር የታየው፣ የታላቁ የኅዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በተጣለ ጊዜ ነው። የውጭ አበዳሪ እጁን በሰበሰበበት በዚያ ወቅት መንግሥት ለሕዝቡ ቦንድ አቀረበ፤ ሃይማኖቱ ወለድን የሚከለክለው ዜጋም ያለ ወለድ የሚገዛበት መንገድ ተከፈተለት፣ ይህም እንደ ቡታጅራ ባለ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ በሚነግድበት ከተማ ትርጉሙ ቀላል አይደለም። እርግጥ ነው፣ የሕዝቡ ገንዘብ ከግድቡ ወጪ ከፊሉን እንጂ ሁሉን አልሸፈነም፤ በአሜሪካም ከ3,100 በላይ ሰዎች የገዙት ቦንድ በዚያ አገር ሕግ ሳይመዘገብ የተሸጠ ስለ ነበር፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በ2008 ዓ.ም. 6.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈል ተገድዷል። ሆኖም ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

በአንጻሩ በ2007 ዓ.ም. በዓለም ገበያ በ6.625 በመቶ ወለድ የሸጥነው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ወለዱ ሳይከፈል ቀረ። ያን ሰነድ የገዛ ባዕድ በስኳር ፋብሪካችንም በመብራት መሥመራችንም የሚጠቀም አልነበረም፤ የሚጠይቀውም ገንዘቡን ብቻ ነው፣ በመጠየቁም አይወቀስም። ነገር ግን በቢሾፍቱ ለታሰበው ታላቅ የአውሮፕላን ማረፊያ የአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ በማፈላለግ ላይ ባለበት፣ በአዲስ አበባም ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በተከፈተበት በዚህ ጊዜ፣ ከሚበደረው ገንዘብ ቢያንስ ጥቂቱ ከተጠቃሚው ሕዝብ ኪስ እንዲገኝ መንገዱ ይከፈት ዘንድ እሻለሁ። ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ከፓሪስ መፈለግ አያስፈልግም፤ በወልቂጤና በቡታጅራ ይገኛል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አባትህ ወይም አያትህ ለመንገዱ ያዋጣበትን ደረሰኝ፣ የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ ወይም አሮጌ ፎቶግራፍ በሣጥንህ ታገኝ እንደ ሆነ፣ ምስጥና እርጥበት ሳይቀድሙህ ቅጂውን ለወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አድርስ፤ ያን ጊዜ በእግራቸው እየዞሩ ገንዘቡን የሰበሰቡት አረጋውያን በሕይወት ካሉም፣ ዛሬውኑ ሄደህ ጠይቃቸው።