ከአህጉር አቋራጭ ሚሳይል እስከ እንጦጦ

በእንጦጦ ተራራ፣ በከዋክብት መመልከቻው ጣቢያ የተሰበሰቡ ባለሥልጣናትና ሳይንቲስቶች ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ የመጀመሪያዪቱን የኢትዮጵያ ሳተላይት መወንጨፍ በቀጥታ ሥርጭት ተከታተሉ። 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝነው ሳተላይት የተነሣችው ከቻይናው የታይዩዋን ማዕከል፣ ሎንግ ማርች 4ቢ በተባለ ሮኬት ነበር። የዚህ ሮኬት ሐረገ ትውልድ ሲመረመር ወደ አህጉር አቋራጭ ባሊስቲክ ሚሳይል ያደርሳል።

የቻይና የሚሳይል ምርምር በተቋም ደረጃ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። መሪው በ1955 ከአሜሪካ ወደ አገራቸው የተመለሱት ሊቅ ቺየን ሹዌሰን ነበሩ። ሶቪየት ኅብረት አር-2 የተባለውን ሚሳይል ከነንድፉ ሰጠች፤ ሆኖም ወዳጅነቱ ሲሻክር በ1960 ባለሙያዎቿን አስወጣች። ቻይናውያኑ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 5 ቀን ቅጂውን በራሳቸው እጅ ሠርተው ተኮሱ። ጊዜው ሕዝቡ በብርቱ ረኃብ የተመታበት ዘመን ስለ ነበር፣ የሥራው ዋጋ በገንዘብ ብቻ የሚለካ አይደለም።

ይሁን እንጂ መቅዳት መንደፍ አይደለም። ራሳቸው የነደፉት ዶንግ ፌንግ 2 ማርች 21 ቀን 1962 በተተኮሰ ጊዜ፣ ጥቂት እንደ በረረ ወድቆ ተከሰከሰ። ምርመራው ሁለት ምክንያት ገለጠ፤ ይኸውም የረዘመው አካል በበረራ ላይ መተጣጠፉ በንድፉ በሚገባ ባለመታሰቡ ንዝረቱ የመቆጣጠሪያውን ሥርዓት አወከ፤ የሞተሩ አካልም በቂ ጥንካሬ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ያለፉት ሁለት ዓመታት የምድር ላይ ፍተሻ ዓመታት ሆኑ። ጁን 29 ቀን 1964 ሙከራው ተሳካ። ኦክቶበር 27 ቀን 1966 ደግሞ የተሻሻለው ሚሳይል እውነተኛ የኑክሌር አረር ተሸክሞ በገዛ አገሩ ምድር ላይ በረረ፤ ቢሳሳት ኖሮ የሚከተለውን ጥፋት መገመት አያዳግትም።

ቀጣዩ ችግር ነዳጅ ነበር። ፈሳሽ ኦክስጅን ስለሚተን፣ በእርሱ የሚሠራ ሚሳይል ተሞልቶ ሊጠብቅ አይችልም። በመሆኑም መሐንዲሶቹ በመደበኛ ሙቀት ወደሚከማቹ፣ ነገር ግን ወደ መርዛማ ኬሚካሎች ዞሩ። በእነዚህ የሚሠራው ዶንግ ፌንግ 5 በ1971 ተሞከረ፤ ሜይ 18 ቀን 1980 ከ8,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በደቡብ ፓሲፊክ አረፈ።

ሎንግ ማርች 4ቢ የወረሰው ይህንኑ የሞተርና የነዳጅ ጥበብ ነው። አህጉር አቋራጭ ሚሳይል በሴኮንድ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት አግኝቶ ወደ ምድር ይመለሳል፤ ሸክሙ በ600 ኪሎ ሜትር ከፍታ ገደማ በአግድም 7.5 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ግን አይወድቅም፣ ምድርን ይዞራል። በሁለቱ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ትንሽ ነው፤ የዓላማው ልዩነት ግን የሞትና የሕይወት ያህል ነው። ከእንጦጦ ትመራ የነበረችው ሳተላይት የተላከችው እርሻን፣ ደንንና ውኃን እንድትቃኝ ነበርና።

ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በሳተላይቷ ንድፍ ተካፍለዋል። ሮኬቱ ግን የሌላ አገር የብዙ ዓመት ሙከራ ፍሬ ነበር። ሚሳይል ላላት አገር መቅናት አያሻም፤ የሚያስቀናው የወደቀውን ስብርባሪ ሰብስቦ ምክንያቱን እስኪያገኝ የሚፈትሽ ተቋም ነው። እንዲህ ያለው ተቋም ለድልድይም፣ ለግድብም፣ ለሳተላይትም እኩል ያስፈልጋል፤ ከውጭ በግዢ ሊመጣም አይችልም።