ቅኝትና ኮድ፦ የሙዚቃ ሶፍትዌርን ደንብ የሚጽፈው ማን ነው?

በካናዳዋ የካልጋሪ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተከፈተው የብሔራዊ የሙዚቃ ማዕከል ሕንፃ፣ ቶንቶ የተባለ ግዙፍ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ ይገኛል። ማልኮም ሴሲልና ሮበርት ማርጉሌፍ የገጣጠሙት፣ የተለያዩ ፋብሪካዎች የሠሯቸውን ክፍሎች እርስ በርስ እንዲግባቡ አድርገው ነበር። ስቲቪ ዎንደር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባወጣቸው ታላላቅ አልበሞች ላይ የዚህ መሣሪያ ድምፅ ይሰማል። ገበያው ያላቀረበውን ድምፅ የፈለጉ ሰዎች መሣሪያውን ራሳቸው ሠሩት።

በሶፍትዌር በኩል ያለው ታሪክም ተመሳሳይ ነው። መሐንዲሱ ማክስ ማቲውስ በ1957 በቤል ላቦራቶሪ የጻፈው ፕሮግራም አይቢኤም 704 ኮምፒውተርን 17 ሰከንድ ያህል የሚቆይ ሙዚቃ አሰማው። ከእርሱ መንገድ የተወለደውን ሲሳውንድ የተሰኘ የሙዚቃ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ባሪ ቨርኮ በ1986 አዘጋጀ። በእንዲህ ዓይነቱ ቋንቋ ድምፅ ማለት በሰከንድ የሚቆጠር የንዝረት ብዛት ነው። ቁጥሩን የሚወስነው ኮዱን የሚጽፈው ሰው እንጂ ፋብሪካው አይደለም።

ብዙኃኑ ሙዚቀኛ የተከተለው ግን ሌላ መንገድ ነው። በ1983 ይፋ የሆነው ሚዲ የተባለው የጋራ ደንብ የየፋብሪካውን ኪቦርድና ኮምፒውተር በርካሽ አገናኘ። በዚህ ደንብ ድምፆች ከ0 እስከ 127 ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ የተለመደው አተረጓጎምም አንዱን ኦክታቭ ለ12 እኩል ክፍሎች የሚያካፍለው የምዕራባውያን ስልት ነው። የጋራ ደንብ ለሁሉም ወጪ ይቀንሳል፤ ከደንቡ ለመውጣት የሚጠይቀው ወጪ ግን የሚወድቀው ገበያው አነስተኛ በሆነው ወገን ላይ ነው።

ከእነዚህ ወገኖች አንዱ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ነው። የክራር ተጫዋች ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን የሚቃኘው በጆሮው ነው፤ የማሲንቆ ተጫዋችም ድምፁን በጣቱ ይፈልጋል። ኪቦርድ የባንዱን ቦታ በወሰደ ጊዜ ግን ቅኝቱ በ12ቱ ቁልፎች ልክ ተቆረጠ። ጉዳዩ የተጫዋቾች ስንፍና አልነበረም፤ መሣሪያው ሌላ ምርጫ በቀላሉ አይሰጥም ነበር።

የግዕዝ ፊደል ታሪክ ሌላ ዕድል እንዳለ ያሳያል። ፊደሉ በ1999 በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ ደንብ ውስጥ ገባ፤ በ2005 ደግሞ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥን ጨምሮ 10 የዜማ ምልክቶች ተጨመሩ። ዛሬ የድጓን ገጽ ከነምልክቱ በኮምፒውተር መጻፍ ይቻላል፤ ማሰማት ግን ሌላ ሥራ ነው። ምልክቱ እንደ ምዕራቡ ኖታ የአንድ ድምፅ ከፍታን ብቻ አይናገርም፤ የድምፅ አካሄድን ይጠቁማል። በመቶዎች የሚቆጠሩት የፊደል ምልክቶችም እንዲሁ ለተማረው ሰው ሙሉ የዜማ ሐረግ ያስታውሳሉ። ትርጉማቸው ያለው እንደ ጋይንቷ ቤተልሔም ባሉ የድጓ ጉባኤ ቤቶች በቃል በሚተላለፈው እውቀት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ዋናው እጥረት የገንዘብ አይደለም። ሲሳውንድን የመሳሰሉ መሣሪያዎች በነፃ ይገኛሉ፤ መሠረታዊ አጠቃቀማቸውንም ኮድ ጽፎ የማያውቅ ሰው በትዕግሥት ሊማረው ይችላል። የጠፋው የመሪጌታውን ጆሮና የፕሮግራመሩን እጅ የሚያገናኝ ተቋም ነው። ካልጋሪን በመሳሰሉ ከተሞች የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ኮድ መጻፍን በትምህርት ቤት፣ ዜማንና ቅኝትን ደግሞ በቤተ ክርስቲያንና በቤተሰብ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ሁለቱ ግን ከአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እምብዛም አይቀመጡም። ለባህል ጥበቃ ገንዘብ የሚያዋጡ ማኅበራት ከበዓል ዝግጅት ጎን ለጎን፣ አንድ ክራር በሚገባ የተቃኘበትን ልክ በንዝረት ቁጥር የሚመዘግብና በሶፍትዌር የሚያሰማ ወጣት ቢደግፉ፣ ውጤቱ ለማንም ክፍት የሆነ የጋራ ሀብት ይሆናል። ያ ካልሆነ የነገው ትዝታ በሌሎች ደንብ መቃኘቱን ይቀጥላል፤ ከዚያም አልፎ፣ ልዩነቱን የሚያውቀው ጆሮ ራሱ ይጠፋል።