አንኮበር፦ ግመል ከሚቆምበት በላይ

አንኮበርን ለማየት የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ጎረቤላ ሲደርስ ከመኪና ይወርዳል፤ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ወደ ነበረበት ኮረብታ ይወጣል፤ ከእግሩ ሥር እስከ አፋር በረሃ የተዘረጋውን ቆላ አይቶ ፎቶ ይነሣል፤ ከዚያ በመጣበት ይመለሳል። እይታው ድንቅ ነው። እኔ ግን እንዲህ አይተው የተመለሱ ወዳጆቼን ሁሉ አንድ ነገር እላቸዋለሁ፦ አንኮበርን አላያችሁም። የአንኮበር ታሪክ ያለው ከኮረብታው ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። ከተማዋ ለምን እዚያ ጫፍ ላይ እንደ ተቆረቆረች፣ ለምን የሸዋ መናገሻ እንደ ሆነች፣ ኋላም ለምን እንደ ተረሳች የሚያስረዳው ያ ቁልቁለት ነው።

ያደግሁት ጎረቤላ ነው። አያቴ ከአልዩ አምባ ገበያ የቀረችበት ሳምንት ካለ ታማለች ማለት ነው። ገና ሳይነጋ ገብስና ባቄላውን በአህያዋ ላይ ትጭናለች። ቁልቁለቱ ላይ ጭነቱ ወደ አንገት እንዳይንሸራተት፣ ከአህያዋ ጅራት ሥር አልፎ ከኮርቻው ጋር የሚታሰር ጠፍር ነበራት፤ ከጉዞው በፊት እሱን ደጋግማ ትፈትሻለች። ጠፍሩ ሻካራ ከሆነ አህያዋን ይልጣታል፤ ስለዚህ ማታ ማታ ቅቤ ቀብታ ታለሰልሰዋለች። ጋቢያችንን ተከናንበን ጉም ውስጥ እንገባለን። መጀመሪያ የገብስና የባቄላ ማሳ ነው፤ ቀጥሎ ጤፍ ይመጣል፤ ፀሐይዋ ከረር ስትል ጋቢው ወልቆ በጭነቱ ላይ ይጣላል፤ ከዚያ አርጎቦች በድንጋይ ካብ እርከን ሠርተው ያለሙት የማሽላ ማሳ ይጀምራል። ገበያው ዳር ስንደርስ ግመሎች ተንበርክከው ያመነዥካሉ። ጠዋት ውርጭ ላይ የተነሣ ሰው ረፋድ ላይ ግመል አጠገብ ጥላ ይፈልጋል። ስንመለስ አህያዋ በርበሬ፣ ጥጥና ጨው ተጭናለች።

ልጅ ሆኜ ያልገባኝ ነገር ቢኖር ግመሎቹ ለምን ወደ እኛ እንደማይወጡ ነበር። አያቴን ስጠይቃት፣ «ግመል ዳገት አይወጣም፤ ብርድም አይችልም» አለችኝ። ታሪክ ማንበብ ስጀምር የከተማዬ ዕጣ በዚህ መልስ ውስጥ እንዳለ አየሁ።

ከታጁራ ወደብ የሚነሣ ሲራራ የአሳልን ሐይቅ ጨው ጭኖ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ ወደ ሸዋ ሲመጣ ግመሉ የሚያደርሰው እስከ ተራራው ግርጌ ብቻ ነው። ፋሬ ላይ ወይም አልዩ አምባ ላይ ጭነቱ ይራገፋል። ከዚያ ወዲያ በቅሎ፣ አህያና የሰው ጀርባ ነው። ዕቃ ከእንስሳ ወደ እንስሳ በሚዛወርበት ቦታ ላይ ቀራጭ ይቀመጣል፤ ደላላ ይኖራል፤ ሸካሚ ይሰበሰባል። ከዚያ ቦታ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠ ገዥ ደግሞ ከባሕር የሚመጣውን ሁሉ እያየ ይቀርጣል፤ ያልፈቀደውንም ያግዳል።

የሸዋ ገዥዎች ይህን ያወቁት ቀደም ብለው ነው። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መርድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ መቀመጫቸውን ወደ አንኮበር አመጡ። ከተማዋ ከፍ ብላ የታየችው ግን በልጅ ልጅ ልጃቸው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ንጉሡ አንጎለላንም መቀመጫ አድርገው እየተመላለሱ ቢኖሩም የባሕሩ በር አንኮበር ነበር። ቤተ መንግሥቱ በሾጣጣው ኮረብታ አናት ላይ በእንጨት አጥር ላይ አጥር ተደርቦ የታጠረ የሣር ክዳን ቤት ነበር፤ የሕዝቡ ጎጆ ደግሞ ከሥሩ ባለው ተዳፋት ላይ ተበትኗል።

በሩን የሚጠብቀው ማን ነበር? እዚህ ላይ ቆም ማለት እወዳለሁ፤ ብዙ ጊዜ ተዘልሎ የሚታለፍ ነገር ነውና። ክርስቲያኑ ንጉሥ ቆላውን የሚያስጠብቁት በሙስሊም ገዥ ነበር። የይፋት ሹም ዘሩን ከጥንቱ የይፋት ሱልጣኖች ከወላስማዎች የሚቆጥር ሰው ነው፤ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ወላስማ መሐመድ ይባል ነበር። በእጁ የጎንቾ አምባ ነበረ፤ ዙፋን ይሻሙ ይሆናል ተብለው የተፈሩ የንጉሡ የገዛ ዘመዶች የሚታሰሩት እዚያ ነው። ንጉሡ የቀረጥ በራቸውንም የሥጋ ዘመዶቻቸውንም ለአንድ የይፋት ሙስሊም አደራ ሰጥተው ያድሩ ነበር ማለት ነው። አልዩ አምባ ገበያ ላይ የአርጎባው ሸማኔ፣ የአፋሩ ባለግመል፣ የሐረሩ ነጋዴና የደጋው ገበሬ በየሳምንቱ ዓርብ ይገናኙ ነበር። አንኮበርን የደጋው ቤተ ክህነትና የመሳፍንቱ ከተማ ብቻ አድርጎ የሚያወራ ሰው የከተማዋን ግማሽ አካል ቆርጦ ይጥላል።

ሌላውም መነገር አለበት። በዚያው ቁልቁለት ሰው ይሸጥ ነበር። ለአልዩ አምባ ቅርብ የሆነው የአብዱል ረሱል ገበያ የባሪያ ገበያ ነበር፤ ከደቡብና ከምዕራብ የተነዱ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ልጆች፣ ከዚያ ወደ ታጁራ ይወርዱ ነበር። ንጉሡም ከዚህ ንግድ ቀረጥ ይሰበስቡ ነበር። የአንኮበርን ክብር የምንዘክር ሰዎች ይህን ዝም ብለን ካለፍን የወረዱትን ሰዎች ዳግመኛ እንሸጣቸዋለን።

አውሮፓውያኑም የመጡት በዚሁ ዳገት ነው። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በ1831 ዓ.ም. መጣ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ተከተለው። በሐምሌ 1833 ዓ.ም. ደግሞ ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሀሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ከቦምቤይ በታጁራ በኩል ደረሰ። መድፍና ጠመንጃን ጨምሮ የያዘው ገጸ በረከት ብዙ ስለ ነበር፣ ግመሎቹ ቆላ ላይ ሲቆሙ ወደ ላይ የሚያወጡ በመቶ የሚቆጠሩ ሸካሚዎች ማስፈለጋቸውን ጽፏል። ጥቂት ቀንም አልዩ አምባ ላይ እንዲጠብቅ ተደረገ። የታላቋ እንግሊዝ መልእክተኛ ቢሆንም ንጉሡ እስኪፈቅዱ ድረስ ያቺን ዳገት አይወጣም። በኅዳር 1834 ዓ.ም. የተፈረመው የወዳጅነትና የንግድ ውል ከሻራቸው ልማዶች አንዱ፣ ወደ ሸዋ የገባ የውጭ ሰው እንዳይወጣ የሚከለክለው ነበር። በሩ ለመግባት ብቻ ሳይሆን ለመውጣትም ይዘጋ ነበር።

ሀሪስ ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ፤ ቋንቋው ያሸበረቀ ነው። እኔ የማምነው ግን ቻርልስ ጆንስተንን ነው። ይህ ሐኪም በ1834 ዓ.ም. መጥቶ አልዩ አምባ ላይ ቤት ይዞ ለወራት ኖረ፤ ንዳድ ያዘውና ተሠቃየ፤ በዚያ መካከል ጎረቤቶቹ ምን እንደሚበሉ፣ ምን እንደሚሸጡ፣ በምን እንደሚጣሉ ጻፈ። ቤተ መንግሥት ገብቶ ከሚወጣ መልእክተኛ ይልቅ ገበያ መካከል ታሞ የተኛ ሰው ከተማን ያውቃል።

በሩ ዕቃ ሲያስገባ ሐሳብም አብሮ ይገባ ነበር፤ ሁሉም ግን አይቀመጥም። አንድ የውጭ አገር የእጅ ባለሙያ ለሣህለ ሥላሴ በውኃ የሚዞር የእህል ወፍጮ ሠርቶ ነበር። ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስለ ተነሡበት ወፍጮው ተተወ። የሸዋ ሴቶችም በድንጋይ ወፍጮ መፍጨታቸውን ቀጠሉ፤ አያቴም በልጅነቷ ፈጭታለች። ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል። ጠመንጃው በዚያው ዳገት ሲወጣ ሰይጣን ያለው የለም።

በ1848 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ ልጁን ምኒልክንም ወደ መቅደላ ወሰዱ። ምኒልክ በሰኔ 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው አንኮበር ሲመለሱ መጀመሪያ የያዙት ያንኑ በር ነው። በኋላ የመጡት ጣሊያኖችም ማረፊያ የተሰጣቸው በአቅራቢያው ልጥ ማረፊያ ላይ ነው። የጂኦግራፊ ማኅበራቸው ጣቢያ መሪ የነበረው ማርኬዝ ኦራሲዮ አንቲኖሪ አእዋፍና ዕፅ ሲሰበስብ ኖሮ በነሐሴ 1874 ዓ.ም. እዚያው ሞተ። ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም ከምኒልክ ጋር ሥራ የጀመረው በአንኮበር ዘመን ነው።

አንኮበር ለምን ተተወች? ብዙ ሰው የሚመልሰው የእንጦጦን ብርድና የፍል ውኃን ታሪክ ነው፤ እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃን ወደዱ፣ አዲስ አበባ ተቆረቆረች፣ አለቀ። ያ አዲስ አበባ ለምን እንጦጦን እንዳሸነፈች ያስረዳል። የአንኮበርን አያስረዳም። ለእኔ ቁልፉ ያለው በ1879 ዓ.ም. ላይ ነው። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ በዚያው ዓመት ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ያዙ። በዚያው ዓመት ደግሞ አርተር ራምቦ፣ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊ፣ ወደ ሁለት ሺህ ገደማ አሮጌ ጠመንጃ አስጭኖ ከታጁራ በአፋር በረሃ አልፎ አንኮበር ደረሰ። ምኒልክ አልነበሩም። ጠመንጃውን ይዞ እስከ እንጦጦ መከተል ግድ ሆነበት፤ ሒሳቡም በኪሳራ ተዘጋ። ሲመለስ ግን በአንኮበር አልወረደም። ከጁል ቦሬሊ ጋር በሐረር በኩል ሄደ። በአሮጌው በር ገብቶ በአዲሱ በር ወጣ። የአንኮበርን ውድቀት በአንድ ሰው ጉዞ አሳየኝ የሚል ካለ ይህን ጉዞ እነግረዋለሁ።

ሐረር የምኒልክ ከሆነች በኋላ በአፋር በረሃ ዕቃ መከራ እየበላ የሚመጣበት ምክንያት አልነበረም። ባቡሩ ደግሞ የቀረውን ጨረሰው፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የባቡር ዕቃ በፋሬ ቀራጭ ፊት አያልፍም። አልዩ አምባ የአውራጃ ገበያ ሆና ቀረች፤ አንኮበርም ከላይ ቆማ የምታየው የሲራራ አቧራ አልነበራትም። በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ብቻ ለጥቂት ቀን ስሟ ተነሣ፤ ንጉሥ ሚካኤል ወደ ሰገሌ ሲገሠግሡ፣ ራስ ልዑል ሰገድ በቶራ መስክ ሊያግዷቸው ተዋግተው ወደቁ። በጠላት ወረራ ዘመንም ገደሉ ለራስ አበበ አረጋይ አርበኞች መጠለያ ሆነ። ንግድ የማይወጣውን ዳገት ጠላትም በቀላሉ አይወጣውም።

ዛሬ ኮረብታው ላይ የኖራና የድንጋይ ግድግዳ ፍርስራሽ አለ፤ በአጠገቡ በጥንቱ ቤተ መንግሥት አምሳል የተሠራ ማረፊያ አለ። ጠዋት ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ገደሉ ጫፍ ላይ ይሰበሰባሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 የታየችና በ1979 ለሳይንስ የተመዘገበች፣ የከተማዋን ስም የያዘች ትንሽ ቡናማ ወፍም በዚያው ገደል ዳር ትኖራለች፤ አንቲኖሪ ያን ያህል ወፍ ሲሰበስብ እሷን ሳይመዘግባት ማለፉ ይገርመኛል። ይህ ሁሉ መታየት ያለበት ነው።

እናንተ ግን እዚያ አትቁሙ። የመንገዱን ሰላም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የአልዩ አምባን የገበያ ቀን ለዩ፤ ከጎረቤላ አንድ መንገድ መሪ ያዙና በማለዳ በእግራችሁ ውረዱ። ድካሙን ከፈራችሁ አህያ ተከራዩ፤ የምትከፍሉት ገንዘብ እዚያው ቤት ይገባል። ገበያው ላይ ከአርጎባ ሸማኔዎች ኩታ ግዙ፤ ስለ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ስለ አባቶቻቸው ጠይቋቸው። ወረዳውንና የቅርስ ባለሥልጣናቱን ደግሞ እለምናለሁ፦ ለኮረብታው ሐውልትና ማረፊያ ማሰባችሁ መልካም ነው፤ ነገር ግን የድሮው የእግር መንገድ በየክረምቱ በጎርፍ እየተናደ ነው። ካቡ ይጠገን፤ ፋሬና ጎንቾ ላይም ምን እንደ ነበረ የሚናገር ሰሌዳ ይተከል።