የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምርጫና ቅበላ በእንግሊዝ

በእንግሊዝ አብዛኞቹ ልጆች የአንደኛ ደረጃን ጨርሰው 7ኛ ዓመት ወደሚባለው የሁለተኛ ደረጃ መነሻ የሚገቡት በ11 ዓመታቸው ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ የለውም፤ ቦታ የሚደለደለው ግን በሕግ በተወሰነ ሥርዓት ነው። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው አሠራር ስላላቸው እዚህ አልተካተቱም። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕጋዊ መሠረት

በተለምዶ ወላጅ ትምህርት ቤት «ይመርጣል» ይባል እንጂ ሕጉ የሚሰጠው ፍላጎትን የመግለጽ መብት ብቻ ነው። መብቱን ከይግባኝ ጋር ያጸናው የ1980 የትምህርት ሕግ ነው። የ1988ቱ ሕግ ደግሞ ትምህርት ቤቶች ቦታ እያላቸው አመልካች እንዳይመልሱ አደረገ። በ1989 የግሪኒች ጉዳይ በመባል የሚታወቀው ውሳኔ አንድ ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ከድንበሩ ውጭ የሚኖርን ልጅ በዚያ ምክንያት ብቻ ወደ ኋላ ማድረግ እንደማይችል ወሰነ።

አሠራር

ወላጅ የሚያመለክተው፣ የሚፈልገው ትምህርት ቤት ሌላ አካባቢ ቢሆንም፣ ለሚኖርበት ካውንስል ነው። ቅጹ እስከ ኦክቶበር 31 ይገባል፤ ውጤቱ ማርች 1 ወይም በቀጣዩ የሥራ ቀን ይነገራል። ቢያንስ ሦስት ትምህርት ቤቶችን መጻፍ ይቻላል፤ በለንደን እስከ ስድስት። ትምህርት ቤቱ በስንተኛ ደረጃ እንደተጻፈ አያይም። ካውንስሉ ልጁ ብቁ ከሆነባቸው ትምህርት ቤቶች መካከል ወላጁ ከፍ አድርጎ የጻፈውን ይሰጣል። «አንደኛ ላደረገኝ ቅድሚያ» የሚለው የቀድሞ አሠራር ከ2007ቱ የቅበላ ደንብ ወዲህ ተከልክሏል። ስለዚህ ተወዳጁን ትምህርት ቤት አንደኛ ላይ መጻፍ የሌሎቹን ዕድል አይቀንስም፤ የሚጎዳው ሊገኝ የሚችል አንድም ሳይጽፉ መቅረት ነው።

ቦታ ሲጠብ

ልዩ ፍላጎት ኖሮት በሕጋዊ የድጋፍ ዕቅዱ ላይ ትምህርት ቤቱ በስም የተጠቀሰለት ልጅ ከሁሉ በፊት ይገባል። ከእርሱ በኋላ በመንግሥት አሳዳጊነት ሥር ያሉ ወይም የነበሩ ልጆች ይቀድማሉ። ከዚያ በታች ያለው መስፈርት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፤ በብዛት የሚታዩት በትምህርት ቤቱ የሚማር ወንድም ወይም እህት እና የቤት ርቀት ናቸው። ርቀቱ በቀጥታ መስመር ይለካ ወይስ በእግር መንገድ የሚለው በየደንቡ ተጽፏል። ከትምህርት ቤቱ ዝና ይልቅ ባለፈው ዓመት የመጨረሻው ቦታ በስንት ርቀት ላይ እንደተሰጠ ማየት ሳይጠቅም አይቀርም። ብራይተን በ2008 ርቀትን በከፊል በዕጣ ተክቶ ነበር። አድራሻም ሊጣራ ይችላል፤ በዚያው ዓመት የፑል ካውንስል አንድ ቤተሰብ በጻፈው አድራሻ መኖሩን ለማጣራት በስውር እንደተከታተለው ታወቀ፤ በ2010 ጉዳዩን ያየው ችሎት ክትትሉን ሕገ ወጥ ብሎታል።

የእምነት ትምህርት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ለራሳቸው የሚቀርብ ተጨማሪ ቅጽ አላቸው። በብዙ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ደንብ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት አባላት ከካቶሊኮች ቀጥለው፣ ከሌሎች ክርስቲያኖች ቀድመው ይሰለፋሉ፤ ማስረጃው የጥምቀት ምስክር ወረቀት ነው። የተዋሕዶ ቤተሰቦች ይህችን መስመር ፈልገው ቢያነቡ ይበጃል።

የ«ኢሌቨን ፕላስ» አመጣጥ

«ኢሌቨን ፕላስ» በተባለው ፈተና የሚቀበሉት ግራመር የሚባሉት ትምህርት ቤቶች ዛሬ 163 ናቸው፤ ኬንትና ቡኪንግሃምሸር በስፋት ከሚታወቁባቸው አካባቢዎች ውስጥ ናቸው። ፈተናውን ማን ጀመረው የሚለው ያከራክራል። ብዙ ጊዜ የሚጠራው በ1913 የለንደን ካውንቲ ምክር ቤት የሥነ ልቦና ባለሙያ የሆነው ሲሪል በርት ነው። ሌሎች ግን ወደ ትምህርት ተመራማሪው ጎድፍሬይ ቶምሰን ያመለክታሉ፤ እርሱ በ1921 ለኖርዘምበርላንድ ያዘጋጀው ፈተና ለውድድር ተማሪ በማይልኩ የገጠር ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያሉ ጎበዝ ልጆችን ለማግኘት ታስቦ ነበር። ወደ ኋላ ከተሄደ ደግሞ የ1907 ደንብ ይገኛል፤ የመንግሥት ድጎማ የሚወስዱ ሁለተኛ ደረጃዎች ሩብ ያህል ቦታቸውን ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በነጻ እንዲሰጡ ያዘዘውና ለመግቢያም ፈተናን ያስለመደው እርሱ ነው። ተደጋግሞ የሚጠቀሰው የ1944ቱ የትምህርት ሕግ በበኩሉ ስለ ፈተናም ሆነ ልጆች ስለሚከፋፈሉባቸው ሦስት ዓይነት ትምህርት ቤቶች አይናገርም፤ ሦስቱን የዘረዘረው የ1943ቱ የኖርውድ ሪፖርት ነው። ስለዚህ አንድ ፈጣሪ ከመሰየም ይልቅ በየካውንስሉ ተለምዶ ያደገ አሠራር ማለቱ ለእውነት ይቀርባል። መንግሥት በ1965 ካውንስሎችን ልጆችን በፈተና የመለየቱን ሥርዓት እንዲተዉ ጠየቀ፤ የ1998ቱ ሕግ ደግሞ አዲስ ግራመር እንዳይከፈት ከለከለ።

ጥራትን ማመዛዘን

ኦፍስቴድ የተባለው ተቆጣጣሪ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአንድ ቃል ይሰጠው የነበረው አጠቃላይ ደረጃ በሴፕቴምበር 2024 ቀርቷል፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቶችን በእርሱ ብቻ ማወዳደር አይቻልም።

ይግባኝ

ቦታ የተከለከለ ወላጅ ለገለልተኛ ጉባኤ ይግባኝ ማለት ይችላል። ጉባኤው በመጀመሪያ ደንቡ በትክክል መሠራቱን ያያል፤ ቀጥሎ ልጁ ባይገባ የሚደርስበትን ጉዳት፣ ቢገባ በትምህርት ቤቱ ላይ ከሚደርሰው ጋር ያመዛዝናል። ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ መቆየት ይግባኝን አይከለክልም። ዝርዝሩ ቢያንስ እስከ ዲሴምበር 31 ይቆያል፤ የሚደረደረውም በምዝገባ ቀን ሳይሆን በዚያው የቅበላ መስፈርት ስለሆነ፣ ለትምህርት ቤቱ ይበልጥ የሚቀርብ አዲስ አመልካች ሲመጣ ቀድሞ የነበረው ወደ ታች ሊወርድ ይችላል።