ቀደምት የድምፅ ቀረጻዎችን ማፈላለግና ማረጋገጥ

የጥንት ድምፅ እውነተኛነት በጆሮ አይረጋገጥም፤ መስካሪዎቹ ድምፁ የተቀረጸበት ዕቃና የመጣበት መንገድ ናቸው። ለዚህ ሰሜን ሸዋ ሁለት ምሳሌ አላት። የመጀመሪያው የአንጎለላው ተወላጅ የዳግማዊ ምኒልክ ድምፅ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 እ.ኤ.አ. በፎኖግራፍ የተቀረጸ መልእክት ላኩ፤ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በሰም ሲሊንደር መለሱ። የንግሥቲቱ ቀረጻ ከተደመጠ በኋላ እንዲሰበር ታዞ ነበርና ጠፋ፤ የኛዎቹ መልስ ግን ተረፈ። ምኒልክ በመልሳቸው ዐፄ ዮሐንስ የወደቁባትን መተማን ያነሣሉ፤ ይህ ከዘመኑ ጉዳይ ጋር ይገጥማል። ይሁንና ታሪክ ያነበበ አስመሳይም መተማን ሊያነሣ ይችላልና ይዘት ብቻውን አይበቃም፤ የሚያጸናው የልውውጡ የመንግሥት ደብዳቤ ነው። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ስላረፉ ድምፃቸውን የሚለይ ጆሮ ዛሬ የለም።

ሁለተኛው የምንጃሩ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ግድም መኪና መንዳትና መጠገን ሊማሩ ጀርመን ሄደው፣ እዚያው በማሲንቆ ያዜሙትን በሸክላ አስቀረጹ። እዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠር ወጥመድ አለ፦ «1900» የሚል ጽሑፍ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጣራ ሰባት ስምንት ዓመት ይዛነፋል። ስለዚህ ሸክላውን ወደ ብርሃን አዘንብሎ፣ የመጨረሻው መስመር አልቆ መሐል ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከመጀመሩ በፊት ባለው ልሙጥ ቦታ የታተመውን ቁጥር ማንበብና ከአምራቹ መዝገብ ጋር ማመሳከር ይሻላል።

«ዜማው ከተሰማ ዋናው ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። በ2011 እ.ኤ.አ. የተሰማ ዜማዎች በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 27ኛ ሆነው በሁለት ሲዲ ስለወጡ ክርክሩ መሠረት አለው፤ ለአድማጭ ቅጂው ይበቃል። ለመርማሪ ግን አይበቃም። የዚያ ዘመን ሸክላዎች ፍጥነት እኩል አልነበረም፤ በጥቂቱ ፈጥኖ የተቀዳ ድምፅ ቀጭን ይሆናል፣ የማሲንቆውም ቅኝት ከፍ ይላል። ስሕተቱን ለማጣራትና ለማረም ዋናው ያስፈልጋል። የሰም ሲሊንደር ደግሞ በተደመጠ ቁጥር መርፌው ስለሚፍቀው፣ አንዴ በጥንቃቄ ቀድቶ ማስቀመጥ እንጂ ደጋግሞ ማጫወት አያዋጣም።

እዚያው ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ላይ ከአንድ ሣጥን «የምኒልክ ድምፅ» ተብሎ በእስክርቢቶ የተጻፈበት ካሴት ቢወጣ፣ ዋና ቀረጻ ሊሆን አይችልም፤ ካሴት የመጣው ምኒልክ መልሳቸውን ካስቀረጹበት ከ1899 እ.ኤ.አ. ስድሳ ዓመት አልፎ ነው። ያም ሆኖ አይጣልም። ባለቤቱ ከማን እንደቀዳው፣ ያኛውም ከማን እንዳገኘው ወደ ኋላ እየጠየቁ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ጠያቂው መጨረሻ ላይ ከሬዲዮ ስርጭት ይደርስ ይሆናል።