ገበታው ገጠር ሲወጣ፦ ከአዲስ ዓለም እስከ ወንጪ

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ማገዶ አለቀባት። ከተማዋ ከተቆረቆረች ገና አሥራ አምስት ዓመት አልሞላትም። በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ግን ለቤት መሥሪያና ለምድጃ ተጨፍጭፎ፣ እንጨት ለቃሚው ከዓመት ዓመት ራቅ ወዳለ ጋራ ይወጣ ጀመር። ሺዎች የሚበሉበት ቤተ መንግሥት ደግሞ ያለ እሳት አያድርም። ዐፄ ምኒልክ የቀደሙት ነገሥታት እንደሚያስቡት አሰቡ፤ እንጨቱ ወደ ከተማው ካልመጣ ከተማው ወደ እንጨቱ ይሂድ። ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ የወረደ መንግሥት አንድ ጊዜ ደግሞ ቢጓዝ የሚያስደንቅ አልነበረም።

የተመረጠው ስፍራ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሜጫ ኦሮሞ አገር፣ ዛሬ የኤጄሬ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አዲስ ዓለም ናት። የቤተ መንግሥቱ ግንባታ ተጀመረ፤ ከሀገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ወደዚያ ተዘረጋ፤ የጣሊያን ሌጋሲዮን በዚያ ቤት እስከ መሥራት ደርሶ ነበር። ኋላ ግን ከወደ አውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነገሩን ቀየረው። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶ እንደሚደርስ ሲታይ፣ አዲስ አበባን ጥሎ መሄድ ትርፍ ድካም ሆነ። የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ተደረገ፤ ዛሬ ርእሰ አድባራት ደብረ ጽዮን ማርያም ይባላል። በሥዕል የተሸፈነ ግድግዳውንና የነገሥታቱ ስጦታዎች የተቀመጡበትን ሙዚየም ለማየት የሚሄድ ሰው አሁንም አለ፤ የሚበዛው ግን አይቶ በዚያው ቀን ይመለሳል።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት በየአቅጣጫው እየተሠሩ ያሉት የገጠር ሎጆች፣ ምግባቸውን ከጓሯቸው እያመጡ በጥሩ ሼፍ የሚያቀርቡ ውድ ማረፊያዎች፣ አዲስ ነገር ተደርገው ስለሚወሩ ነው። እንግዳን ከከተማ አውጥቶ በገጠር በክብር ማኖርና ማብላት በዚህ አገር የኖረ ሙያ ነው። የሚለዋወጠው ሂሳቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ነው።

የምኒልክ ዘመን ቤተ መንግሥት ዋና አዳራሽ የግብር አዳራሽ ነበር። መኳንንቱ በመጋረጃ ውስጥ በየማዕረጋቸው ይቀመጣሉ፤ እነርሱ ሲነሡ ወታደሩ በተራ ይገባል፤ ጥሬ ሥጋው በተሸካሚ ይዞራል፤ ጠጁ ለትልቁ በብርሌ፣ ለታናሹ በዋንጫ ይቀዳል። በ1887 እ.ኤ.አ. የእንጦጦ ማርያም ስትመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያዘጋጁት ድግስ በዜና መዋዕል ጸሐፊው በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ተመዝግቦ ቆይቶልናል፤ የኢትዮጵያን ምግብ ታሪክ ያጠናው አሜሪካዊው የታሪክ ሊቅ ጄምስ ማካንም ያንን ድግስ ለመጽሐፉ እንደ መግቢያ በር ተጠቅሞበታል። ማካን ያየው ነገር ትክክል ይመስለኛል። በዚያ ገበታ ላይ የቀረበው ወጥ የጥጋብ ብቻ ጉዳይ አልነበረም፤ ከየአውራጃው የመጣው ማር፣ ቅቤ፣ ጤፍና ሠንጋ መንግሥቱ የት ድረስ እንደሚደርስ ያሳይ ነበር። ዛሬ የአንድ ሬስቶራንት ዝርዝር ላይ የአትክልቱ መንደር ስም ሲጻፍ እንደ ፈጠራ ይታያል። በግብር ቤት ግን ማሩ ከየት እንደመጣ የማያውቅ አልነበረም፤ ያስገባው ሹም እዚያው ተቀምጧልና።

መንገደኛውስ? ለቤተ መንግሥቱ እንግዳ የሚሆን ድርጎ ነበር። ንጉሡ «እንግዳዬ ነው» ያለው ሰው በየደረሰበት በግ፣ እንጀራ፣ ማር፣ ጠጅ ይቀርብለታል። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ አብሯቸው ለመጣው የፖርቱጋል መልእክተኞች በየመንደሩ ስንቅና ተሸካሚ እንዴት ይወጣ እንደነበር፣ ከዚያም የሚነሣውን ጭቅጭቅ በሰፊው ጽፏል። ከ300 ዓመት በኋላ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጡት ሚሲዮናዊው ክራፕፍና በ1841 እ.ኤ.አ. አንኮበር የደረሰው የእንግሊዙ መልእክተኛ ኮርንዋሊስ ሃሪስም ድርጎ የተቆረጠላቸው እንግዶች ነበሩ። ድርጎው ከንጉሡ ስም ይወጣል እንጂ ከንጉሡ ጎተራ ብቻ አይወጣም። በጉ የአንድ ገበሬ በግ ነው። እንግዳ የበዛበት መንገድ ዳር መኖር እንደ ሰደድ እሳት የሚፈራ ነገር የነበረው ለዚህ ነው፤ ከዋናው ጎዳና ሸሽቶ ጎጆውን ከኮረብታ ጀርባ የቀለሰውም ገበሬ ጥቂት አይሆንም።

የወታደሩ መስተንግዶ ከዚህ ይከፋ ነበር። በየገበሬው ቤት ተመድቦ የሚበላው ወታደር ያስከተለውን ምሬት ምኒልክ ራሳቸው ስላወቁት፣ በ1892 እ.ኤ.አ. አስራት ለጦሩ ቀለብ እንዲሆን ሲደነግጉ ሠራዊቱ ከገበሬው ማጀት እንዲወጣ ማሰባቸው ነበር። ትእዛዙ በየስፍራው እኩል አልተፈጸመም። አዲስ ዓለም ባለችበት በምዕራብ ሸዋ ደግሞ ነገሩ ሌላ ክብደት ነበረው። መሬቱ በቀላድ ተለክቶ ለመጣው ጦረኛና ባለሟል ሲደለደል፣ የአገሬው ሰው በአያቱ መሬት ላይ ገባር ሆኖ ቀረ፤ ማገዶ መልቀም፣ እህል ማስፈጨት፣ የጌታውን እንግዳ ማስተናገድ በእርሱ ላይ ወደቀ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ግብሩን በጋሻ ለለም 15፣ ለለም ጠፍ 10፣ ለጠፍ 5 ብር አድርጎ ሲወስን እነዚያን የአገልግሎት ግዴታዎች በሕግ አስቀረ። ጌታና ጭሰኛ የሚባለው ነገር ራሱ እስኪቀር ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ድረስ መጠበቅ ነበረበት።

በዚህ መካከል፣ እንግዳ ከፍሎ ይብላ የሚለው ሐሳብ ወደ አዲስ አበባ ገብቷል። እቴጌ ጣይቱ በ1907 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ሆቴል ዛሬም ጣይቱ እየተባለ በፒያሳ አለ፤ በ2007 ዓ.ም. የደረሰበት ቃጠሎ ጨርሶ አላጠፋውም። ሲነገር የቆየ ወግ አለ። መኳንንቱ ምግብ ለመግዛት እያፈሩ ሆቴሉ ባዶ ስለዋለ፣ ምኒልክ ይዘዋቸው ሄደው እየጋበዙ አስለመዷቸው፤ ቀጥሎ ግን ሂሳብ የሚከፈል መሆኑን አስታወቋቸው ይባላል። ወጉ ሲዞር ተኳኩሎ ሊሆን ይችላል፤ የያዘው ሐሳብ ግን ቁም ነገር አለው። በግብር ቤት ያደገ ሰው ገንዘብ ሰጥቶ እንጀራ መብላት እንደ ውርደት ይታየው ነበር። ገበሬው ግን በተቃራኒው፣ ለእንግዳው እንጀራ ገንዘብ የሚቀበልበትን ቀን ሲጠብቅ ነበር።

ከአዲስ ዓለም ወደ ምዕራብ በጊንጪ አድርጎ ወደ አምቦ የሚሄድ ሰው ለአንድ ጥሩ ማዕድ የሚሆነውን ሁሉ በመስኮቱ ያየዋል። ጥቁሩ መሬት ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ ያበቅላል። ከኋላው የቀረችው ሆለታ፣ ምኒልክ ገነት ብለው ቤተ መንግሥት የሠሩባት፣ ኋላም የስዊድን መኮንኖች የጦር ትምህርት ቤት የከፈቱባት፣ ዛሬ በወተቷና በግብርና ምርምር ማዕከሏ ትታወቃለች። አምቦ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ የገባበትን ዘመን ፋብሪካው ከ1930 እ.ኤ.አ. ይቆጥራል። ከዚያ ጥቂት አለፍ ብላ ያለችው ጉደር ስሟን ለቀይ የወይን ጠጅ አውሳለች። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሀገረ ሕይወት የተባለችው አምቦ የአዲስ አበባ ሰው ቅዳሜና እሑድ የሚዝናናባት ነበረች፤ ፍልውሃ ገብቶ፣ ገንዳ ዋኝቶ፣ በአምቦ ኢትዮጵያ ሆቴል አጸድ ሥር ምሳውን በልቶ ይመለሳል። ያ ልማድ ከነጭራሹ አልጠፋም፤ ከሆቴሉ ጋር አብሮ አረጀ እንጂ።

ሌላው ዓለም በሩቅ ገጠር ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ከጀመረ ቆይቷል። ከስቶክሆልም በስተሰሜን 600 ኪሎ ሜትር ግድም፣ በበረዶ መካከል የነበረው ፌቪከን ሬስቶራንት በአንድ ምሽት 24 ሰው ብቻ ያስተናግድ ነበር፤ ሁለት የሚሽለን ኮከብ አግኝቶ በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በራሱ ፈቃድ ተዘጋ። የጣሊያኖቹ መንገድ ግን ለእኛ ይቀርባል። በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ፣ በእርሻ ቤቱ እንግዳ የሚያሳድርና የሚያበላ ሰው በመጀመሪያ ገበሬ መሆን አለበት፤ መስተንግዶው እርሻውን ይደግፋል እንጂ አይተካም። ሕጉ ባለሀብት እርሻ ገዝቶ ሆቴል እንዳያደርገው አጥር ሠራ።

በእኛ ሰሜን ሁለቱም መንገድ ተሞክሯል። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላሊበላ አቅራቢያ በመቄት ገደል አፋፍ ላይ ተስፋ የተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሲጀመር፣ ጎጆዎቹን የሠሩት፣ ወጡን የሠሩት፣ አህያውን የጫኑት ገበሬዎች ራሳቸው ነበሩ፤ ገቢውም ወደ እነርሱ ተመለሰ። ማዕዱ ሽሮና እንጀራ ነው፤ አፋፉ ግን ገንዘብ የማይገዛው ነው። በግል የተቋቋሙት የትግራዩ ገርዓልታ ሎጅና የስሜኑ ሊማሊሞ ሎጅ ደግሞ የተሻለ አልጋና የተመረጠ ምግብ ይዘው መጡ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በትግራይ፣ ቀጥሎም በአማራ ክልል የሆነው ጦርነት ለሁለቱም ዓይነት አልራራም። እንግዳ በጠፋበት ዘመን ግን ገበሬው የሚመለስበት ማሳ ነበረው፤ የሎጅ አስተናጋጅ ግን እንዲህ ያለ መመለሻ አልነበረውም።

ወደ ምዕራብ ሸዋ ልመለስ። ግንቦት 2011 ዓ.ም. «ገበታ ለሸገር» የተባለው እራት የተበላው በምኒልክ የግብር አዳራሽ ነው፤ የአንድ ሰው ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር። ምኒልክ መኳንንቱን ያለ ክፍያ ባበሉበት ቤት፣ ባለሀብቱ ለመንግሥት ከፍሎ በላ። ቀጥሎ የመጣው «ገበታ ለሀገር» ዋጋውን እስከ 10 ሚሊዮን ከፍ አደረገና ገንዘቡን ለጎርጎራ፣ ለኮይሻና ለወንጪ መደበው። ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ፤ ቁልቁለቱ እንሰት ነው። ማሩን ስሎው ፉድ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ሊጠበቅ ይገባዋል ብሎ መዝግቦታል። መንግሥት ከመምጣቱ አስቀድሞ የአካባቢው ሰዎች ማኅበር መሥርተው እንግዳ በፈረስ በተራ ይወስዱ ነበር፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከ44 ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ሲያደርጋት በገበታ ለሀገር የተሠራው ዘመናዊ ሎጅ ገና አልቆመም ነበር። የተሸለመው እነርሱ ያቆዩት ነገር ነው።

ሎጁ መሠራቱን አልቃወምም። መንገዱ ጠቅሟል፤ አልጋውም ያስፈልጋል። ነገር ግን በዚህ አውራጃ መሬት ቀላል ጉዳይ አይደለም። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ ተነሥቶ ኦሮሚያን ያዳረሰው ተቃውሞ መነሻው የመሬት ነገር ነበር። ስለዚህ የሎጅን ጥሩነት የምለካው በአልጋው ልብስ አይደለም፤ የወጥ ቤት ኃላፊው ጠዋት ጠዋት ስልክ የሚደውለው ለማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ለአዲስ አበባ አቅራቢ ነው ወይስ ለጎረቤት ገበሬ?

ይህ ደግሞ በበጎ ፈቃድ ብቻ የሚሆን አይደለም። ወጥ ቤት በየቀኑ እኩል ይፈልጋል፤ ገበሬው የሚሸጠው በገበያ ቀን ነው። ወጥ ቤት ሁሉንም ካሮት አንድ ልክ ይፈልጋል፤ ማሳው እንደዚያ አያወጣም። ወተቱ ሁሉን ያሳያል። ከሆለታ እስከ አዲስ ዓለም ላም የሚያልብ ሰው የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲመጣ ይጨነቃል፤ ጿሚው ወተት ያቆማል፣ ላሟ ግን አታቆምም። ወተቱ ይረክሳል፣ ይመለሳል፣ አንዳንዴም ይደፋል። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ቅቤው ዋጋው ይሰቀላል። የማይጾም የውጭ እንግዳ ያለው ሎጅ ያንን የጾም ወተት በውል፣ በማይወርድ ዋጋ ቢገዛና የሚቆይ አይብ ቢያደርገው፣ በሰኔ ክረምት ለሚመጣ እንግዳ የሚቀርብ የራሱ ነገር ይኖረዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቀዝቃዛ ክፍል፣ አንድ አይብ የሚያውቅ ሰውና ከገበሬዎቹ ማኅበር ጋር የተፈረመ አንድ ወረቀት ነው።