በደር የተገኘ ድል

ምናባዊ ፍጡራንን በካርታ የሚያፋልመው «ማጂክ» የተሰኘው ጨዋታ፣ በሪቻርድ ጋርፊልድ ተፈልስፎ ለገበያ የቀረበው በ1993 (እ.ኤ.አ.) ነው። ብዙ ሳይቆይ ጣጣ መጣ። «ጥቁር ሎተስን» የመሰሉ ካርታዎች ከሌሎቹ እጅግ አየሉ። መፍትሔው ገደብ ሆነ፤ በ1994 በውድድር ላይ ከእነዚህ ካርታዎች ከየዓይነቱ ከአንድ በላይ መያዝ ተከለከለ።

አባቶቻችን በሰንጠረዥ ጨዋታቸው ተመሳሳይ ጣጣ ነበረባቸው። ፈርዝ በማዕዘን አንዲት ቤት ብቻ ይራመዳል፤ ፊል በማዕዘን ሁለተኛው ቤት ላይ ዘሎ ያርፋል። ደር ግን መንገዱ እስካልተዘጋበት ድረስ ቀጥ ብሎ እንደ ልቡ ይነጉዳል። ታዲያ የደርን ጉልበት የነካው የለም። የተነካው የድሉ ክብር ነው! የባላጋራውን ንጉሥ በደር ወይም በፈረስ የያዘ ማሸነፉንስ ያሸንፋል፤ ሙገሳ ግን አያገኝም። በፈርዝ፣ በፊል ወይም በተራው መደቅ የያዘ ነው አንቱ የሚባለው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አገራችን የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ስለዚህ ጨዋታ ጽፏል፤ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ፣ በ1868 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሌላው ደንብ ነው። ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም። ከመደቅ ሌላ አንድ አጃቢ ብቻ የቀረውም ቢሆን፣ አጃቢው ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት መያዝ አለበት። ስለዚህ ያገኘውን ሁሉ እየበላ የሚገሰግስ ጉልበተኛ ድሉን በገዛ እጁ ያጣል።

ዛሬ በምንጫወተው ቼዝ፣ በንግሥትም ተያዘ በወታደር፣ ነጥቡ ያው አንድ ነው።